የሰኞ ዕቅድ

እሑድ ማታ ነው፤ ቦሳ ቂጦ ላይ መብራት ሄዷል፤
ዝናቡ ቆርቆሮዬን ያለ ርኅራኄ ይወቅጣል፤
በስልኬ ብርሃን፣ ጎንበስ ብዬ፣ ቅጽ እሞላለሁ፤
ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ለርዕሰ መምህሩ አስረክባለሁ።

ዓምዶቹ አራት ናቸው፦ ዓላማ፣ ቁሳቁስ፣ ሰዓት፣ ምዘና፤
እያንዳንዱ፣ የአምስት ዓመት ልጅ የማይሮጥበት ጠባብ ጎዳና።
«የትልልቅ ጡንቻዎች እድገት» ይላል ከላይ ርዕሱ፤
ትልልቅ! ሳቄ መጣ። እስቲ የማንን ነው የሚያወሱ?
የረውዳ ክንድ እኮ ከሸንኮራ ይቀጥናል፤
በናትራን ባት ዙሪያ መዳፌ ዞሮ ይተርፋል።

ቁሳቁስ፦
ሦስት ያረጀ የባጃጅ ጎማ፤
ከመርካቶ በልመና የተገኘ፣ ባዶ የቡና ጆንያ፤
ከአናጺ ደጅ የተለቀመ አንድ ረዥም ጣውላ፤
ገመድ፣ እሱም የጎረቤቴ የልብስ ማስጫ
(ሳታውቅ ይመለሳል)።

ሰዓት፦
ዐሥር ደቂቃ ከጎማ ጎማ መዝለል፣
ዐሥር ደቂቃ እጅ ዘርግቶ በጣውላው ላይ መሄድ፣
አምስት ደቂቃ በጆንያ ውስጥ እንደ እንቁራሪት፣
ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ አፍንጫ መጥረግ።
(አፍንጫ መጥረግ በመመሪያው የለም፤
ግን ሠላሳ አራት አፍንጫ አለኝ፤ እንዲህ በቀላሉ አያልቅም።)

አንድ ስም ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።
ሚፍታህ፣ የበርጩማ ጠራቢው ልጅ፣
ሦስት ወር ሙሉ ከግንቡ ተደግፎ፣
ሌላው ሲሮጥ ያያል፣ እጆቹን በብብቱ አቅፎ።
«ና ዝለል» ስለው እግሮቹን ዝቅ ብሎ ያያል፤
ከሰው እንደ ተዋሳቸው፣ እንዳይሰበሩበት ይፈራል።
አባቱን ጠይቄው ነበር። መሮውን ሳያስቀምጥ፦
«እርጥብ እንጨት ቸኩለሽ ብትጠርቢው ይሰነጠቃል፤
ጊዜ ስጪው፤ ሲደርስ ራሱ ይናገራል።»
በቅጹ ላይ ግን «ሲደርስ» የሚባል ሰዓት የለም።
«ዐሥር ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ። ዕቅዴን ዝናቡ ቀድሞኝ አንብቦታል፤
ሜዳችንን አንሥቶ ከአዌቱ ጋር ደባልቆታል፤
ቀይ ጭቃ፤ ጎማዎቹ ሦስት ትንንሽ ኩሬ፤
ጣውላው ተኝቶበታል እንደ ሰነፍ በሬ።
ልጆቹ በረንዳ ላይ ተደርድረው እኔን ያያሉ፤
የቅጹ ፊደላት ሰማያዊ ሆነው በክንዴ ይወርዳሉ።

ከዚያ ረውዳ ጫማዋን አወለቀች።
እኔ አልፈቀድኩም፤ ግን አልከለከልኩም፤
ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላውቅም።
አንዱ ዘለለ፣ አንዷ በቂጧ ተንሸራተተች፣
አንዷ ጆንያውን ለብሳ ጅብ ሆነች።
«ጅሬን ልወጣ ነው» አለ ናትራን፣ ጎማውን እየገፋ፤
ዘበኛው ከሊፋ ከበሩ መለሰው፣ ፊሽካ እየነፋ።

ሚፍታህ አልዘለለም። እውነቱን ልናገር፤ ዛሬም አልዘለለም።
ከግንቡ ተላቀቀ፤ ክፍል ገባ፤ ሲወጣ
አባቱ ለክፍላችን የጠረበውን በርጩማ
ገልብጦ በራሱ ደፍቶ፣
ሦስት እግር ወደ ሰማይ፣ ሁለት እግር ወደ ጭቃ።
አንድ እርምጃ።
ቆየት ብሎ፣ ሌላ።
ጭቃው ቁርጭምጭሚቱን ይውጣል፣ መልሶ ይተፋል፤
አንገቱ ምሰሶ፤
እጆቹ ከብብቱ ወጥተው ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፤
ለካ እንዲህ ረዣዥም ነበሩ።
ሠላሳ ሦስቱ ዝም አሉ።
አጠገቤ አወረደው፤ ውኃውን በእጅጌው ጠረገ።
«ባርሲስቱ፣ ታኢ» አለኝ።
ተቀመጥኩ።

ማታ መብራት መጣ። ርዕሰ መምህሩ ቅጹን መልሶልኛል፦
«በንጹሕ ገልብጪው።»
ምዘና፦ «ይችላል»፣ «በመጠኑ»፣ «ድጋፍ ያሻዋል»፤
ለአስተያየት የተተወው ቦታ አውራ ጣት ያክላል።
«በርጩማ አመጣልኝ» ብዬ ጻፍኩ።
ሞላ።

አሁን የሚያሳስበኝ የእትዬ ሲትና ገመድ ነው።
ነገ ጠዋት እርጥብ ልብስ ታቅፋ ከበሬ ትቆማለች፤
እኔ ደግሞ ወደ አዌቱ አቅጣጫ እጠቁማለሁ።