ቀይ ክር

ሞንቴ ቪስታ፣ የሐምሌ ማለቂያ።
ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
ድንቹ አብቦ ቆሟል፣ አንገቱን ለንፋስ ሰዶ።

ማታል፣ ከጓቲማላ ደጋ የመጣችው፣
በትልሙ መሐል ጎንበስ ብላ ትሄዳለች፣
ቀይ ክር በጥርሷ ነክሳ፤
አንዱን ዝም ብላ ታልፋለች፣
የሌላውን ቅጠል ገልብጣ ጀርባውን ታነባለች።
ካልተጨማደደ፣ ካልተዥጎረጎረ፣
ቁመቱ ከጎረቤቱ ካላጠረ፣
ከግንዱ ላይ ክሯን ታስራለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።
እንግሊዝኛዋ እንደኔው አጭር ነው፣ ለዚህ ግን በቃት፦
«እናቱን ነው የማያት።»

እኔ የማውቀው ሌላ ነው።
ጨንቻ፣ ከአባቴ ከኦይቻ ደጅ፣
ዘር የሚመረጠው ድንቹ ከወጣ በኋላ ነው፦
ትልቁ ለገበያ፣ መካከለኛው ለድስት፣
አውራ ጣት የሚያህለው፣ የተረፈው ከቅርጫት፣
ነጋዴ የማይጠይቀው፣ ልጅ የማያለቅስበት፣
እሱ ነው ዘር የሚባል፤ እሱ ነው የከርሞ ተስፋ።
በየዓመቱ ምርቱ ሲከፋ
አባቴ «መሬት ደከመች» ይላል፣ ሰማዩንም ይወቅሳል።
መሬት ምን አጠፋች?
በሽተኛ ቀብሮ ጤነኛ ማን ይጠብቃል?

መስከረም ላይ፣ ውርጭ ሳይቀድመን፣
ክር ያለበትን ለይተን ቆፈርን፣
ለብቻው ጆንያ ሰጠን።
ካንዱ ሥር አሥራ አንድ ወጣ፣ ጥቃቅን ይበዛበታል፤
ልወረውር ስል እጄን ያዘች፦
«ማነስ በሽታ አይደለም። እናቱ ደህና ናት፣ ይበቅላል።»

ክር ከሌለው ሥር ደግሞ አንድ ወጣ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል፣
ልጡ የጠራ፣ ጉድፍ የሌለው፣ ዓይን የሚያማልል፤
ወደ ዘሩ ጆንያ ሳዘነብል
ራሷን ነቀነቀች።
የእናቱ ቅጠል ሐምሌ ላይ እንደ ማንኪያ ተጠቅልሎ ነበር፤
እኔ ረሳሁ፣ እሷ አልረሳች።

ማታ ቀቅለን በላነው፣ በጨውና በሚጥሚጣ።
ጣፈጠ እንጂ ሌላ ጣዕም አልመጣ።
ምላስ ሕመሙን አያውቅም።

እሑድ፣ ዴንቨር፣ ለቅሶ ቤት፣
አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ስሜን ጠየቀኝ፤
ስሜ አልበቃውም መሰለኝ፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘርህ ምንድን ነው?» አለኝ።
እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ የተረፈውን ክር ጨብጦ።
«ሐምሌ ላይ መጥተህ ቅጠሉን ብታየው ነበር» አልኩት፤
«አሁንማ ተቆፍሯል።»

አልገባውም።
ድንች ወጡን አቀበለኝ።