ተቀምጧል

ማተሚያው ከገና ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤
ገመዱ ተነቅሎ መስኮት ሥር ተገፍቷል፤
ክዳኑ ላይ አንዱ የቁልቋል ማሰሮ አስቀምጦበታል።

ከሄልሲንኪ ነው ትእዛዙ የመጣው፦
«ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት አናባክን፤
የሚታተመው ሁሉ ወደ ፋይል ይሁን።»
የወረቀት ፋብሪካ ወረቀት ሲቆጥብ!
ሸክላ ሠሪ በገል ትበላ የለ፣ አልን፤
ሳቅን፤ ሥራ ያዝን።

እኔ ቱይሬ ነኝ፣ የሠራተኛ ክፍል ጸሐፊ።
ድሮ «አትም» ስል ከኮሪደሩ ጫፍ ያ ማሽን ይነቃል፤
ያጓራል፣ ያስላል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ወረቀት ይተፋል።
ተነሥቼ ሄጄ፣ እግሬን አፍታትቼ፣
ትኩሱን ሉክ ከአፉ በእጄ አንሥቼ
እንደ ዳቦ ታቅፌው እመለሳለሁ።
መንገድ ላይ ፔንቲ ስለ ዓሣው ያወራኛል፣
ሄልቪ ስለ ጉልበቷ።

አሁን «አትም» እላለሁ፤ ምንም አይሰማም።
አንድ ጠባብ መስኮት ብቅ ይልና ይጠይቀኛል፦
«ስሙ ማን ይባል? የትስ ይቀመጥ?»
እንደ ክርስትና እናት ስም አወጣለታለሁ።
አንድ ቃል ይመልስልኛል፦ «ተቀምጧል።»

ተቀምጧል፤ ግን የት? የትኛው መሳቢያ?
ጠርዝ የለው ለጣት፣ ጥግ የለው ማጠፊያ፤
ታትሟል ይሉታል፣ ቀለም ሳይቀምስ፤
ወጥቷል ይሉታል፣ ከደጅ ሳይደርስ፤
እንደ ተነገረ፣ ግን እንዳልተሰማ፣
በረዶ ሥር እንዳለ አንድ እግር ጫማ።

ማክሰኞ ዕለት ዝርዝሩ መጣ።
ሦስተኛው ማሽን ሊቆም ነው፤
መቶ ስድስት ስም፣ መቶ ስድስት ደብዳቤ።
«ስላገለገሉን እናመሰግናለን» ብሎ ይጀምርና
በሦስተኛው አንቀጽ ያሰናብታል።
አንድ በአንድ አተምኳቸው፣ ሳላትማቸው።
አላታሎ፤ ተቀምጧል።
ኬስኪታሎ፤ ተቀምጧል።
ኦይካሪነን፣ ልጁ ገና ጥርስ ያላወጣው፤ ተቀምጧል።
ሰማንያ ሦስተኛው ላይ ጣቴ ደረቀ፦
ቱርቲያይነን፣ ኡርፖ።

የኔ ኡርፖ።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት የማሽኑን እርጥብ ጫፍ ሲጠብቅ የኖረ፣
ወረቀት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሽቶ
ክብደቱን ያለ ሚዛን የሚናገር፣
አንድ ጆሮውን ለማሽኑ የገበረ።
መስኮቱ ብቅ አለ፦ «ስሙ ማን ይባል?»
ጠቋሚው ብልጭ፣ ጥፍት፤ ብልጭ፣ ጥፍት፤
የቸኮለም አይመስል።
በስሙ መሰየም አቃተኝና
«የዓሣ መረብ» ብዬ ጻፍኩ።
«ተቀምጧል» አለኝ።
ኮምፒውተር ምን ገዶት፤ አያፍር።

ማታ ነገርኩት። ድንች እየላጠ ነበር፤
ቢላውን አላቆመም።
«ወረቀቱስ?» አለኝ።
«ወረቀት የለውም። ፋይል ነው።»
«ስንት ግራም?»
«ግራም የለውም አልኩህ፣ ኡርፖ።»
ልጣጩ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ተበጠሰ።
«ይህን ሁሉ ዓመት ወረቀት ሰጠኋቸው፤
አንዲት ሉክ እንኳ አይመልሱልኝም?»

ረቡዕ ማለዳ፣ ማንም ሳይገባ፣
ቁልቋሉን አወረድኩ፤ ገመዱን ሰካሁ።
ማሽኑ ረጅም ጊዜ አሰበ። አጓራ። አሳለ።
የዓሣ መረቤን ተፋልኝ፤
ትኩስ ነው፤ ግራ ጎኑ ላይ ቀለሙ ፈዟል።
እንደ ሌባ ከኮቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ።

መነጽሩን አላነሣም።
አንድ ቃል አላነበበም።
ጥጉን በሁለት ጣቱ ያዘና አሸት አሸት አደረገው፤
በደህናው ጆሮው አጠገብ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው፤
መስኮት ሄዶ በበረዶው ብርሃን ላይ ዘረጋው፣
ቃጫውን፣ ደመናውን ተመለከተ።
«ሰማንያ ግራም» አለ።
«ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሞቃት አገር የመጣ።
የእኛ አይደለም።»

አጠፈው፣ ደግሞ አጠፈው፣ ደግሞ፤
ከሚያነክሰው የጠረጴዛችን እግር ሥር ሰደደው።
ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቆመ።
እሱ ተቀመጠ።