ሃያ አንድ ባይት

ኅዳር ነው፤ ታርቱ ላይ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ፣ በቅጡ ያልነጋው ይመሻል፤
ኤማዮጊ ወንዝ ጠርዝ ጠርዙን ረግቶ፣ መሐሉ ብቻ ይሸሻል።
የሆቴል አንሶላ ሳጥፍ ውዬ፣ ጣቶቼ በረኪና እየሸተቱ፣
ላፕቶፔን ከፈትኩ፤ መስኮቱ በማይገጥም ክፍል፣ ሌሊቱ
ገና ያልተነካ።

ኮዱ የማንም አይደለም አሉ፤ የፈለገ ይወስደዋል፤
"ቤታችሁ አስነሱት፣ የተሰበረ ካያችሁ ጠግኑት" ይላል
መመሪያው፣ መሰላሉን እንደሚያውስ ጎረቤት።
ቀላል ነው፣ እስኪጀምሩት።

ዳታቤዝ የለም አለኝ፤ ጫንኩለት።
የምሥጢር ቁልፍ ጎደለኝ አለ፤ ፈጥሬ ሰጠሁት።
በሩ ተይዟል አለ፤ ለካ ባለፈው ወር ጀምሬ የረሳሁት ሌላ አገልጋይ
ተጋድሞበታል፣ እንደ ሰካራም ደጃፍ ላይ።
ስሙን ጠርቼ አስወጣሁት።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ፣ በጥቁሩ ስክሪን አንድ መስመር፦ "ብሎክ ዜሮ"፤
አባት የሌለው ቀለበት።
ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣
እያንዳንዱ የታላቁን አሻራ ጉያው ቋጥሮ።

"የአባል ስም" አለኝ። ለሙከራ ነው፣ የማንም ይሁን፤
እጄ ግን ቀድሞኝ ጻፈ፣ ወልደሚካኤል፣ የአባቴን።
ብሎክ ሦስት ተዘጋ። መልሶ ሲያነብልኝ፦
ወልደሚካኤ
ከዚያ በጥቁር አልማዝ ውስጥ አንድ ጥያቄ ምልክት፣
የወለቀ ጥርስ ቦታ።

አባቴ የሰፈር እቁብ ጸሐፊ ነበር፣
ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ባለው ደብተር፤
ሲሳሳት አይፍቅም። አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምርበታል፣
ስሕተቱ እንዲነበብ አድርጎ፤ እርማቱን ከጎን፣ ፊርማውን ከእርማቱ ጎን ያኖራል።
"ስርዝ ይኑር፣ ድልዝ የለም፤ በተፋቀ ቦታ ሌባ ያድራል።"

ደብተሩ ግን አንድ ነበር። አንድ ነሐሴ ጣራው አፈሰሰ፣
የሦስት ወር ዕጣ በሰማያዊ ቀለም ተለወሰ፤
ሁለት ሰው "አልደረሰኝም" አለ፤ የሚመሰክር ሌላ ቅጂ ከየት ይምጣ?
አባቴ ሬዲዮኑን፣ ከዚያ ብስክሌቱን ሸጦ፣ የሁለቱን ሰው ዕጣ
ከኪሱ ከፈለ። ነገሩን ዳግመኛ አላነሳም።
እኔ ነኝ ያልረሳሁት። በየቤቱ አንድ ደብተር የሚል ሥራ
አይቼ የማላልፈው፣ እንቅልፍ ጥሎኝም ቢሆን።

ፈለግሁ። መስመር ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት፣ ለስም የተመደበው ሃያ ባይት፤
የእኛ ፊደል አንዱ ሦስት ይመዝናል፤ ሰባት ፊደል፣ ሃያ አንድ።
ልን ሁለት ሲሶዋን አስገብቶ፣ በሩን ዘጋባት፤
ሲሶዋ ውጭ ቀረ፣ ኅዳር ብርድ ላይ።

"ባይት አይቆጠር፣ ፊደል ይቆጠር።" ከዚህ በላይ አልጨመርኩም፤
አንድ መስመር፣ ሁለት ሙከራ። ላክሁት። አልተኛሁም።

ጠዋት ኡርማስ መለሰ፣ ከቪልያንዲ፣ ኮዱን ስድስት ዓመት የጠበቀ፦
"አናቷ ላይ ማዕበል ያላት የእኛዋ ኦም ሁለት ትመዝናለች፤
ስሞቻችን አጫጭር ሆነው ነው ጉድጓዱ ሳይታወቅ የዘለቀ።
ሦስተኛ ሙከራ ጨምሪ፣ ከዚህ የረዘመ ስም ካለሽ።"
ካለሽ? የአያቴን ሰጠሁት፦ ገብረእግዚአብሔር፤
ዐሥር ፊደል፣ ሠላሳ ባይት፣ ሳይጎድል ገባ።
ማታ ከዋናው ኮድ ጋር ተዋሐደ።

ላፕቶፔ ላይ ያለውን ሰንሰለት ደምስሼ፣ እንደ አዲስ
ከዜሮ መጀመር እችል ነበር፤ የእኔ ብቻ ነው፣ ማንም አላየው።
ተውኩት።
ብሎክ ሦስት ላይ ስሙ እንደተቆረጠ አለ፤
ብሎክ አራት ላይ ሙሉው።
በማሻሻያው ግርጌ ደግሞ፣ ፊርማ በሚያርፍበት፦
ስንቅነሽ ወልደሚካኤል።