የሳህኑ ጀርባ

ወደ ማንችስተር ስሄድ ባቡራችን ቆመ፣
ገመዱ ተበጥሶ መስመሩ ታመመ፤
«ሁለት ሰዓት ይፈጃል» አለን ድምፅ ማጉያ፣
ስቶክ ላይ ወረድን፣ ዝናብ፣ ያለ መጠለያ።

ስቶክን አውቃታለሁ፣ በመስኮት፣ ለአፍታ፣
ስልኬን ስነካካ፣ ሳልሰጣት ሰላምታ።
«ምን አላት እሷ ደግሞ?» ስንል ነው ያደግነው፤
ካርታው ቴምዝ ዳር ያልቃል፣ የቀረው ጭቃ ነው።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ገብቼ
ካፖርቴን ሳራግፍ፣ ጥጌን አግኝቼ፣
አንዲት ባልቴት ሻያቸውን ጨለጡ፣
ስኒውን ገልብጠው ቂጡ ላይ አፈጠጡ።
«ምን ጠፋዎት?» አልኩ። ሳቁ። «ልማድ ነው፣ ልጄ፤
አርባ ዓመት አበባ ስሏል ይኸ እጄ።
የዚህ አገር ሰው፣ ሰርግ ቢጠሩት፣ ለቅሶ፣
ሳህን ሳይገለብጥ አይበላም ጨርሶ።
ማን ጋገረው ይላል፣ የትኛው ሰፈር?
የበርስለም ጭቃ ነው ወይ የሎንግተን አፈር?»

ዶሪን ተኒክሊፍ ይባላሉ። ጃንጥላ የላቸውም።
«ነይ» አሉኝ፤ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ከሱቆቹ ጀርባ፣ ከመኪና ማቆሚያው ኋላ
ቆማለች አንዲት እቶን፣ የጡብ ጠርሙስ መስላ፤
አናቷ ላይ ዛፍ በቅሏል፣ በሯ ላይ ሰንሰለት።
«አባቴ እሳቱ ሳይበርድ ይገባ ነበር» አሉ፣
«እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ ባናቱ፣ ባንገት።»
ሌላ አልተናገሩም።

ቦዩን ተሻገርን።
ጫማዬ ስር አንዳች ነገር ተንኮሻኮሸ፤
ዳሩ ጭቃ አይደለም፣ ገል ነው፣ ገል በገል፦
ሰማያዊ የወፍ ክንፍ፣ የሐረግ ቁራጭ፣
የወርቅ ጠርዝ፣ የማን ሠርግ እንደነበር የማይናገር፣
ከስኒው የተለየ ጆሮ፣ አሁንም የሚያዳምጥ።
እሱን ኪሴ ከተትኩት።

በአሮጌው ወርክሾፕ ተሳዋር የሚባል ጎረምሳ
ጭቃውን መሐል ላይ ይዞ፣ ክርኑን ከጉልበቱ አስደግፎ፣
ማታ ታክሲ ይነዳል፣ ቀን ይህን ያሾራል፤
«ሁለቱም መሽከርከር ነው» አለ፣ ቀና ሳይል፣
«ይሄኛው ግን የትም ሳይሄድ ይደርሳል።»
ዶሪን ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱና
«ወፍሯል» አሉት። አፈረሰው። ደግሞ ጀመረ።

ባቡሩ ተጠገነ። ለእናቴ ደወልኩ፣ ሉዊሻም፦
«እማ፣ የእንግዳ ሳህኖቹን... አንዱን ገልብጪልኝ።»
«ምን ነካሽ?»
የቁም ሳጥን በር። የመነጽር ፍለጋ። ዝምታ።
«ደብዝዟል... ስቶክ-ኦን-ትሬንት ይላል መሰለኝ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊቷ ላይ በልተን፣
ስሟ ከጀርባዋ ነበር፤ ማን ገልብጡ አለን?

«አንቺ» አለች እናቴ፣ «አለሽ ወይ? ልመልሰው፣
ወይስ እንዲሁ ይቀመጥ፣ ተገልብጦ?»