አይነካም

አባቴ ቫልፍሬዶ፣ የሙዚየም ዘበኛ፣
በፌራራ ከተማ፣ በክፍል ሦስተኛ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሩ የቆመ፣
ወንበር ክልክል ሆኖ ጎኑ ያዘመመ፣
ቃሉ አንዲት ነበረች ለትልቅ ለትንሹ፣
ጣቱን ለዘረጋ፣ መነጽር ለባሹ፦
«አይነካም!»
ለሕፃን «አይነካም»፣ ለጳጳስ «አይነካም»፣
ዝንብ እንኳ ብታርፍ፣ ሕጉ አይላላም።

ጡረታ ሲወጣ፣ ጉልበቱ ሲከዳው፣
ሶፋው ላይ ተኛና ቴሌቪዥን ጎዳው።
እኔ ልጁ ኤርሲሊያ፣ ሙያዬ ጨዋታ፣
ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ከጠዋት እስከ ማታ፣
ያችን የእሱን ክፍል፣ ሥዕል በሥዕሉ፣
በማውስ መቀስነት ቆራረጥኩ በሙሉ።
አምስት መቶ ዓመት ዝም ያሉ ሰዎች
አፍ አወጡልኛ፣ ሁሉም ተሳዳቢዎች!

ጀግናዬ ኑንቺዮ፣ የመስፍኑ አሽከር፣
ውሻ ይዞ የኖረ ስሙ ሳይነገር፣
ሠዓሊው ሸራ አንሶት፣ ወይ ክፍያ ጎድሎት፣
ከወገቡ በታች ፍሬም አስቀርቶት፣
እግር የለው!
ስለዚህ የጨዋታው አንደኛ እንቆቅልሽ
እግር መበደር ነው፣ ለምነሽ ወይ ሰርቀሽ።
ግራው የወታደር፣ ብረት የታጠቀ፣
ቀኙ ከመልአክ፣ ደመና የለቀቀ፤
አንዱ መሬት ሲረግጥ ሌላው ይንሳፈፋል፣
ኑንቺዮ እንዲህ ሆኖ እያነከሰ ያልፋል።

ነገሩ ምንድን ነው? ሌባ መጣ ማታ፣
ከቅድስቲቱ ራስ አክሊሏን ፈታ።
«እንዴት ልጸልይ?» አለች፣ በሻሽ ተጠቅልላ፣
«ራሴን ብርድ መታው፣ መብራቴም ተነቅላ።»
ኑንቺዮ ፍለጋ ወጣ፣ ዓሣ ይዞ በኪሱ፣
ከዓሣ አጥማጁ ሥዕል የሰረቀው እሱ።
ዓሣውን ለጳጳስ? «ሁለቱ አይገጥሙም።»
ዓሣውን ለጽጌረዳ? «ሁለቱ አይገጥሙም።»
ዓሣውን ለመስፍኑ? «ዘመዱን አይበላም።»
አክሊሉስ የት ሄደ? ከማዶ ግድግዳ፣
ቼሪ ተከምሮበት፣ ሳህን ሆኖ ለእንግዳ።

ለአባቴ ሰጠሁት። መነጽሩን ጠርጎ፣
ማውሱን ጨበጠው እንደ እንቁላል አድርጎ፣
ቀስቱን ወደ ሸራው አስጠጋ፣ አስጠጋና፣
ቆመ።
«ምነው?» ብዬ ስለው፣ «አይነካም» አለና።
«ሥዕሉ እዚያ ነው፣ አባ፣ ይህ መብራት ብቻ ነው።»
«ቢሆንም የእጅ ወዝ ቀለም ጨራሽ ነው።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ተፋጠጠ።
ኑንቺዮ ተሰላቸ (እኔው ነኝ የጻፍኩት፣
ዝም ሲሉት እንዲያዛጋ፣ እንዲያፏጭ ያዘዝኩት)፣
ውሻው እንኳ ተኛ።

አንድ ሌሊት ነቃሁ። ሳሎን መብራት በራ።
አባቴ ቀኝ አየ፣ ገልመጥ አለ ግራ
(ዘበኛ እንዳይደርስ!)፣ ጉሮሮ ጠረገ፣
ጣቱ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሹን ዋጥ አረገ፣
የመስፍኑን ሚስት አፍንጫዋን
ጠቅ!

ዕንቁዋ እስኪበተን አስነጠሰችና፣
«ሠላሳ አንድ ዓመት ፊቴ ቆመህ ስታየኝ፣
ይህን ሁሉ ዘመን አፍንጫዬን ሲበላኝ፣
ምነው ዛሬ ገና?» አለችው ተኮሳትራ።
«ይማርሽ» አለ አባቴ፣ ጆሮው ቀልቶ ሲበራ።

ከዚያማ ማን ያቁመው! የጳጳሱን ጢም ሳበ፣
የመልአኩን ብብት ነክቶ፣ ከበግ ጋር ተሳደበ፣
ከቼሪው አንድ አንዱን ሰርቆ እየቆጠበ።
ንጋት ላይ ጠራኝ። ቁጣው ያው የድሮ ቁጣ፦
«ይህ ልጅ በሰው እግር ሌቱን ሲወርድ ሲወጣ፣
አምስት መቶ ዓመት ቆሞ አሁንም ቁጭ አላለም።
ወንበር አለ ጥጉ ላይ። ብነካው አይሠራም።»

ለጌጥ ያኖርኩት ነበር። ምንም አልተጻፈለት።
ቁርስ ሳልበላ ተቀመጥኩ፣ አንዲት መስመር ጨመርኩለት።

አሁን ወንበሩን ስትነኩት ኑንቺዮ ይቀመጣል፣
የወታደሩ እግር ያርፋል፣ የመልአኩ ይወዛወዛል፣
«ሁለቱ ይገጥማሉ» ይላል።

አክሊሉስ? አትጠይቁኝ። ቼሪው ገና አላለቀም።
ቅድስቲቱ በሻሿ ናት። አባቴም ሳህኑን አልለቀቀም።