የመሸጎጫ ዕድሜ

ኮትካ፣ የወደቡ ሙዚየም፣ ምድር ቤት፤
አንድ ሰርቨር አለ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት
ማራገቢያው እያቃሰተ የኖረ፣
የክሬን ነጂዎችን ድምፅ የቋጠረ።
ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅ፤
ይህም ብረት እንዲያው፣
ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከኪሴም አይርቅ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ቱሊኪ ትመጣለች፣
ማዳመጫ አጥልቃ ባሏን ትሰማለች፤
ኡርሆ ስለ ገመድ፣ ስለ በረዶ ሲያወራ፣
መሀል ላይ ሲያስለው፣
ሳሉን ስትቆጥር በከንፈሯ አብራ።

ልጇ ኢንካ ግን ሆባርት ናት። ከዚያ ስትከፍተው
ባሕሩ ነው መሰል የአባቷን ቃል የሚቆርጠው፤
“በረ…” ይላል፣ ይቆማል፣ ክቡ ይሽከረከራል፣
“…ዶው” እስኪል ድረስ ሻይዋ ይቀዘቅዛል።

አለቃዬ ፔንቲ “እስከ ዓርብ ወስን” አለ፤
ወይ አዲስ ዲስክ፣ ወይ አከፋፋይ መረብ አለ።
የኛው ጎተራ ነው፣ የመጣ ይሰፈርለታል፤
መረቡ ግን ቅጂውን በየደጁ ያድላል፤
ስቶክሆልም ይሸጉጣል፣ ሲድኒ ይሸጉጣል፣
የሩቅ ዘመድ እንኳ ጎረቤት ሆኖ ያድራል።

ሰጠሁ። ሐሙስ ነበር። ሂሳቡም አዋጣኝ።
“ሳይቆም ሰማሁት!” ስትል ኢንካ ጻፈችልኝ።

በሳምንቱ ቱሊኪ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣
“አርባ አንደኛው ደቂቃ…” አለች፣ ድምጿን ዝቅ፤
“ስለ እህቴ ያለውን ቁረጥልኝ።
እኔ ዱሮም አውቃለሁ። ልጄ አትስማብኝ።”
ለካ እዚያች ላይ ስትደርስ ነበር ሁልጊዜ
ማዳመጫውን አውልቃ
መነጽሯን የምትወለውለው፣ በትካዜ።

ቆረጥሁት፤ ምድር ቤት አንድ ቁልፍ ነው፣ አለቀ።
መረቡ ላይ ግን
እያንዳንዱ ቅጂ የራሱን ዕድሜ ጠበቀ፤
ሃያ አራት ሰዓት፣
በገዛ ጣቴ የጻፍሁለት።
“አጥፉ” የሚል ትእዛዝ ላክሁ ለከተማው ሁሉ፤
ስቶክሆልም እሺ አለ።
ፍራንክፈርት እሺ አለ።
ሲድኒዎች ዝም አሉ።

እዚህ መሽቷል። ሆባርት ሊነጋ ነው።
ኢንካ ቁርስ ላይ የምትሰማው የቱን ነው?
ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤
ኡርሆ አፋፉ ላይ ቆሞ ያወራል፣
በረዶው፣ ገመዱ፣ ሳሉ፣ ከዚያ…

ማራገቢያው ያቃስታል።
ሳልቆርጠው በፊት ያስቀረሁት ሙሉው ድምፅ
እዚሁ ነው፣ ከእግሬ ሥር።
ቱሊኪ ስለሱ አልጠየቀችኝም።
ጣቴን አስጠጋሁ፣ መለስሁ፤ አልደመሰስሁትም።
ቁልፉን በኪሴ እየዳበስሁ ተቀመጥሁ፤
ከሁለታችን ሞኙ ማን፣
ወረቀቱ ማን እንደሆነ ጠፋኝ።