ሞተሩ እስኪበርድ

በሚያዝያ መጨረሻ፣ በሳይማ ሐይቅ ዳር፣
በረዶው ተሰባብሮ ሲንኳኳ ከድንጋዩ ጋር፣
አሮጌ ጀልባ ልንገዛ፣ እኔና አክስቴ ሲርካ፣
ከታውኖ ደጅ ደረስን፣ ሰዓቱ ሁለት ሳይነካ።

አክስቴ ሠላሳ ዓመት፣ በመሻገሪያ መርከብ ሆድ፣
ከናፍጣ ጋር የኖረች፣ ከፒስተን ጋር የምትዋደድ።
ግማሽ ጆሮዋ ደንቁሯል፤
የተረፈው ግማሽ ግን የብሎን ሐሜት ይሰማል።

«ቀለሟን አትይ» አለችኝ፣ ከመኪናው ሳንወርድ፤
«ቀለም የሻጭ ምላስ ነው፣ ያገኘውን የሚያስወድድ።
ወንበሯንም ተይው፤ ወንበር ማንም ይሰፋል።
ከወለሉ ሥር ግቢ፤ እውነቱ እዚያ ይተኛል።»

ጀልባዋ ተጎታች ላይ፣ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ፣
ነጭ ቀለም ተቀብታ፣ ገና ሽታው ሳይለቃት፣ ትናንት ማታ።
ከኋላዋ በጥቁር፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ የጻፈው፦
«ሄልቪ»።

አክስቴ በመዶሻ እጀታ ጎኗን ቆርቆር፣ ቆርቆር አረገች፤
እንደ ሐኪም ከደረት ላይ፣ ደህናውን ጆሮ አስጠጋች።
ቷ። ቷ። ቷ።
ከሞተሩ መቀመጫ አጠገብ፦ ዱብ።
«እዚህ ጋ ውሃ ጠጥታለች» አለችና አለፈች።

ፕሮፔለሩን ጨብጣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ነቀነቀች፤
ዘንጉ ትንሽ ተጫወተ። «ኩሽኔታው አልቋል» አለች።
ነሐሱን በጥፍሯ ፋቀች፦ «ቢጫ ነው፣ እሰይ።
ሮዝ ቢሆን ኖሮ ሐይቁ መሐል ተሰብሮ ነበር የምናይ።»
የጎማ ቱቦዎቹን እንደ አቮካዶ ጨመቀች፤
ከሞተሩ ጎን ክንዷን እስከ ብብቷ ሰደደች፤
የዘይቱን መለኪያ መዘዘች፣ ጠረገች፣ ነከረች፣ ደግማ መዘዘች፦
ጥቁር። ወተት አይደለም። «ወተት ቢሆን ቤታችን ነበርን» አለች።

ከዚያ መዳፏን በሞተሩ ብረት ላይ አሳረፈች።
ሳታነሣውም ቆየች።

«ታውኖ፣ ሳንመጣ አስነስተኸዋል?»
«ለጥቂት... ውሃ እንዲዞርበት ብዬ...»
ቃሉ አፉ ውስጥ ሟሟ።
«እንግዲህ እንቀመጥ» አለች፤ «እስኪበርድ እንጠብቃለን።»

(ሻጭ ያሞቀው ሞተር፣ የሚሸሽገው አለው፤
በብርድ እምቢ የሚለውን፣ በሙቀት ነው የሚሸጠው።)

ተቀመጥን። የአጃ ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ አመጣ።
በመጀመሪያው ሰዓት ስለ ዋጋ አወራ።
በሁለተኛው፣ ስለ ጎረቤቱ አጥር፣
ስለ ግብር፣ ስለ ጉልበቱ፣
ስለ አንድ የመጣ የሄደ ዳክዬ።
በሦስተኛው ሰዓት ወሬው አለቀበት፤
ስለ ሄልቪ ጀመረ።

በዚያ ጥቅምት ሆስፒታል ነበረች፤
እሱም ሲመላለስ፣ ዛሬ ነገ ሲል፣
ከሞተሩ ውስጥ ውሃውን ሳያፈስ
ብርዱ ሌሊት ቀደመው።
እሷ ሐሙስ ሞተች። ብረቱ ዓርብ ተሰነጠቀ።
ወይም ያኔ ነው ያየው።
አስበየደው። ቀለም ደረበበት።
«በግራ በኩል ነው» አለ፣ እኛን ሳያይ፤
«ከማጣሪያው ሥር። ጣት ካስገባሽ ታገኚዋለሽ።»

«አግኝቼዋለሁ» አለች አክስቴ፣
ከዓሣው አጥንት እየለየች፤
«ሁለት ሰዓት ላይ።»

ሞተሩ በረደ። እኔም መዳፌን አኖርኩ፦ እንደ ድንጋይ።
ታውኖ የውሃውን ጎማ አገናኝቶ ቁልፉን አዞረ። አጉረመረመ፣ ተወ።
አሳረፈው። አዞረ። ተወ።
በአራተኛው ተነሣ፤ እንደ ሽማግሌ አስሎ፣
ነጭ ጢስ እየተፋ።

«ሰማያዊ ዘይት ነው፣ ጥቁር ናፍጣ» አለች አክስቴ፤
«ነጩን ግን ቆመሽ እይው። ከጠፋ ብርድ ነው። ካልጠፋ ውሃ ነው።»
ሦስታችንም ቆምን።
ጢሱ ሐይቁ ላይ ሄደ፣ ሳሳ፤
ጠፋ ልል ስል፣ ጥቂት ደግሞ መጣ።

ከዋጋው ሲሶውን ቀነስኩ። አልተከራከረኝም።
ቁልፉን ሲሰጠኝ፣
«ስሟን ብትቀይሪ ቅር አይለኝም» አለ፣ ቅር እያለው።
ተጎታቹን ስናስር ደግሞ ተከትሎኝ መጣ፦
«በጥቅምት፣ ማንም ቢታመም፣ ምንም ቢሆን፣
መጀመሪያ ውሃውን አፍስሺ።»

መኪናው ሊነሣ ሲል መስኮቱን አንኳኳ።
«አይ» አለ።
«መጀመሪያ ሂጂ። ብረት ይበየዳል።»